በሁለት እጅ የሚከፈት ቤት

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ቁርስ ቤት ሚጥሚጣ የበዛበት ፉሌን እየበላሁ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ተራራ አሳየ። ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ካሜራው ከላይ ሆኖ በድንጋይ ግድግዳዎች፣ ጣሪያ በሌላቸው ቤቶችና ሣር በዋጠው ጠባብ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ «ሰው ጥሎት የሄደ የመካከለኛው ዘመን መንደር ተገኘ» ይላል። «ተገኘ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ሳልወድ ፈገግ አልኩ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያ መንደር ጠፍቶ አያውቅም። በየዓመቱ ሣሩን የሚያጭዱለት ሰዎች አሉት። ለአንድ ቀን ከግማሽ ያህል እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የብትን ጨርቅ ነጋዴዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። «ፓ! ያለ ሲሚንቶ እኮ ነው የቆመው» አለ አንደኛው። «እኛ ሰፈር አምና በሲሚንቶ የተገነባው አጥር ዘንድሮ ወድቋል፣ ይሄ ግን እየው!» ሁለተኛው ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ ኑሩ፣ አገሩን ያውቁታል እንዴ? ፍዝዝ ብለው ቀሩ እኮ» አለኝ። አፌ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ዋጥ አድርጌ «በወጣትነቴ አልፌበታለሁ» አልኩት። ፉሉን ሳልጨርስ ተነስቼ ሱቄ ገባሁና ስፖንጅ ፍራሾቼ መሐል ተቀመጥኩ። ያን ቀን አንድም ደንበኛ በወጉ አላስተናገድኩም።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሁሉ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም። እኔ ያደግኩበት የመርካቶው ጭድ ተራ ያኔ ስሙን የሚመስል ቦታ ነበር። ገበሬዎች ገና ጎህ ሲቀድ በአህያ ጭነው የሚያመጡትን ሣርና ጭድ እኛ እንቀበላለን፤ አራግፈን አቧራውን እናወጣለን፤ ከዚያ ሣሩን በሣር ገምደን እያሰርን እንደረድራለን፤ በመጨረሻም እትዬ ዘሀራ በሰፋችው ጨርቅ ውስጥ እየጠቀጠቅን ፍራሽ እናደርገዋለን። ስፖንጅ የሀብታም ነበር፤ ጥጥም እንደዚያው። የቀረው አዲስ አበባ የሚተኛው በእኛ ጭድ ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ይህን ስለሠራሁ እጄ ሣር ከነካ እኔን ሳያማክር ይገምድና ያስር ነበር። እያወራሁም አስራለሁ፣ እያንቀላፋሁም አስራለሁ።

እትዬ ዘሀራ ያሳደገችኝ ሴት ናት። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች፤ ጎረቤት ስለነበረች እትዬ ዘሀራ አንስታ ወሰደችኝ። አባቴን የሚያውቅ ሰው የለም። «የጭነት መኪና ሹፌር ነበር» የሚሉ ነበሩ፤ ግን ያንን የሚሉት ምንም ከማለት ይሻላል ብለው ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ስመዘገብ የአባት ስም ሲጠየቅ እትዬ ዘሀራ ትንሽ አሰብ አድርጋ የሟች ባሏን ስም ሰጠችልኝ። ደግ ሴት ናት፤ አፈሩ ይቅለላትና ምንም ነገር አልጎደለብኝም። ብቻ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሲለኝ መልሱን ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ እዘገይ ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የጋሽ እንድሪስ ነበር። ኮርቻና መጫኛ ይሸጣል። ከወሎና ከሸዋ መሐል ካለው ቆላ በልጅነቱ የመጣ፣ ረጅም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት። ወንዱ ጀማል እኩያዬ ነው። አብረን ቁርአን ቀራን፣ አብረን ተማሪ ቤት ሄድን፣ አብረን ከተማሪ ቤት ቀረን። ለኢድ ጋሽ እንድሪስ ለጀማል ሸሚዝ ሲያሰፋ ከዚያው ጨርቅ ለእኔም ያሰፋል። ሰው «መንታ ናቸው እንዴ?» ሲለው አይክድም፣ አያረጋግጥም፤ ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ ለዓመታት ስንቅ አድርጌያት ኖሬያለሁ።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጋሽ እንድሪስን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከአልጋ ዋለ። ንግግሩ ተያዘና ከሚናገራት ጥቂት ነገር ብዙዋ ስለ አገሩ ሆነች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀማል ነዶ ላይ በተቀመጥኩበት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኑሬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው» አለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ፋዘር ከአባቴ ጎን አስተኙኝ ነው የሚለው። ቀን ከሌት ሌላ ወሬ የለውም።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። አባቱ ከተወለደበት መንደር በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሰው ጥሎት የሄደ የድንጋይ መንደር አለ። ጣሪያ የለውም፣ ነዋሪ የለውም፣ ግን ባለቤት አለው። ከሥር ያሉት ገበሬዎች እያንዳንዱ ፍርስራሽ የማን ዘር እንደሆነ ያውቃሉ። ክረምቱ ሲወጣ በአንድ በተወሰነ ቀን የየቤቱ ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ቤት ይከፍታሉ፤ ሣሩን ያጭዳሉ፣ የወደቀውን ድንጋይ ወደ ግድግዳው ይመልሳሉ። ለዚህ ከቤቱ ዘር ሁለት ወንዶች መገኘት አለባቸው። «ቤት በአንድ እጅ አይከፈትም» ይላሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልተከፈተ ቤት ለጎረቤቱ ዘር ይሰጣል። ከቤቱ ጋር ደግሞ መስጊዱ ጎን ያለው የመቃብር ተራ አብሮ ይሄዳል። የጋሽ እንድሪስ ቤት በሕመሙ ምክንያት ሁለት ዓመት ሳይከፈት አልፏል። የቀረው ይሄኛው ዓመት ነበር።

«የአጎትህ ልጆችስ?»

«አንዱ ሱዳን ነው። አንዱ ይሙት ይኑር አይታወቅም። አንተን ይዤህ ልሂድና ታናሽ ወንድሜ ነው ልበል። ውሸትም አይደል አቦ። ወንድሜ አይደለህ እንዴ?»

እዚህች ላይ ተሸነፍኩ። ተራራውን በትከሻህ ግፋልኝ ቢለኝ እንኳ እሺ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለጋሽ እንድሪስ ብቻ አይደለም። ለአንድ ቀንም ቢሆን የአንድ ቤት ልጅ ልሁን ብዬ ነው።

ከአውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጊዜው መስከረም አልቆ ጥቅምት የገባበት፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ የሆነበት ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጆሯችንን ቆረጠው። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጉሙ በመስኮት አብሮን ገባ፤ ወዲያ ማዶ ስንወጣ ዓለም ሌላ ሆነች፤ ገደሉ፣ ከሥሩ ደግሞ እስከ ዓይን ጥግ የተዘረጋ ቆላ። ደብረ ሲና ላይ ትኩስ ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ጀማል የአባቶቹን ስም ያስጠናኝ ጀመር። እንድሪስ፣ ሙሄ፣ ይማም፣ አሊ፣ በሽር፣ ሰይድ፣ አደም። ሾፌሩ በየመጠምዘዣው ሲወዘውዘን እኔ ሰባቱን ስም እደግማለሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወደፊትም ወደኋላም መቁጠር ችዬ ነበር። ጀማል «በቃህ፣ ከእኔ በላይ አወቅክ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ማቆም አልፈለግኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከስሜ ኋላ የነበረኝ አንድ የተዋስኩት ስም ብቻ ነበር፤ አሁን ሰባት አገኘሁ። አፌ ውስጥ ከቆሎው ይልቅ እነሱ ይጣፍጡኝ ነበር።

ከአስፋልቱ ወርደን ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ማሽላው ከእኛ ቁመት በላይ ነው። ከየማሳው ዳር ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ጥንቅሽ እየቆረጡ ሰጡን፤ እየመጠጥን ወጣን። አያ ይመር የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ፍርስራሹን የሚጠብቁትና የየቤቱን ዘር በቃላቸው የያዙት እሳቸው ናቸው። የማሽላ እንጀራ በወተት ቀረበልን። ከበላን በኋላ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ።

«እንድሪስ ሴቶች እንዳሉት ሰምቻለሁ። ሁለተኛ ወንድ እንዳለው ግን አልሰማሁም» አሉ።

«ታናሼ ነው አያ» አለ ጀማል ፈጠን ብሎ።

«እስቲ ቁጠር የኔ ልጅ።»

ቆጠርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልደናቀፍ፣ እስከ አደም። አያ ይመር በየስሙ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ስጨርስ «አላህ ያክብርህ፣ ከከተማ ልጅ እንዲህ ያለ ቆጠራ አልሰማሁም» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ደረቴ ሞላ። የዋሸሁ ሰው አልመሰልኩም ለራሴ። እንዲያውም እውነቱ ይሄ ቢሆንስ፣ ያ ሹፌር የሚባለው ሰው ከዚህ ዘር ቢሆንስ ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አይፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ከሌሎቹ ቤቶች ሰዎች ጋር ወደ ላይ ወጣን። ፍርስራሹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ያስደነቀኝ ትልቅነቱ አይደለም። ቤቶቹ ትንንሾች ናቸው፣ አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት። የገረመኝ ሰው ያለበት መምሰሉ ነው። ግድግዳው ውስጥ ኩራዝ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጥቀርሻው እስከ ዛሬ አልለቀቀም። በሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ መሬቱ በሰው እግር የተሰረጎደበት ቦታ ይታያል። መስጊዱ ጣሪያው ወድቆ የስግደቱን አቅጣጫ፣ ቂብላን፣ የሚያመለክተው ቅስት ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለምን ጥለውት እንደሄዱ ስጠይቅ አንዱ ጦርነት አለኝ፣ አንዱ ረሃብ፣ አንዱ ደግሞ በሽታ። አያ ይመር «እኛ የምናውቀው ሁሉም በአንድ ጠዋት ዕቃቸውን አስረው መውጣታቸውን ነው» አሉኝ።

የእኛ ቤት ከመስጊዱ በስተምሥራቅ አራተኛው ነው። አያ ይመር እጄን ያዙና የበሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ድንጋዩ ገና ፀሐይ ስላልነካው ቀዝቃዛ ነበር። «ይሄ ቤትህ ነው። ስትመጣ እየነካኸው ግባ፣ ስትወጣም ነክተኸው ውጣ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ ጥግ ዞርኩ።

ጀማል ማጭዱን ሰጠኝ። «አንተ ሣሩን፣ እኔ ድንጋዩን። የጭድ ተራ ልጅ አይደለህ? ሙያህ ነው» አለኝና ከግድግዳው ውጭ የወደቁትን ድንጋዮች ሊለቅም ዞረ። ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል። እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ ማጭዱም የተሳለ ነበር። እንደዚያ ቀን በደስታ ሠርቼ አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቶቹ ድምፅ ይሰማል፣ መንዙማ የሚያንጎራጉሩ አሉ፣ የሚቀልዱ አሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግማሹን ቤት ጨርሼ ነበር።

በዚህ መሐል እመት ከዲጃ የሚባሉ የጎረቤቱ ቤት አሮጊት ለሠራተኞቹ ውሃ በቅል ይዘው እየዞሩ መጡ። ከበሩ ጎንበስ ብለው ገቡና ቆሙ። ውሃውን አልሰጡኝም። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ያያሉ። ዞሬ ሳይ ሦስት ነዶ ሣር በሣር ተገምዶ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ተስተካክሎ ቆሟል። መቼ እንዳሰርኩት አላውቅም። እጄ ነው ያሰረው።

«ያረቢ!» አሉ። «ማነው እዚህ ቤት ውስጥ ያሰረ?»

ድምፃቸውን የሰማ ሁሉ መጣ። አያ ይመርም ከመስጊዱ በኩል ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ነዶዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ተቆጥተው ግን አልነበረም፤ እንዳዘነ ሰው ሆኑ። በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ መንደር የታጨደው ሣር እዚያው ወለሉ ላይ ይበተናል እንጂ አይታሰርም፣ አይወጣም። ለሄዱት ሰዎች ጉዝጓዝ ነው። ሄደው የቀሩት ዕቃቸውን አስረው ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ግድግዳዎች ውስጥ ምንም ነገር አይታሰርም። ሴቶቹ እንኳ ልጃቸውን ከጀርባቸው ፈትተው ነው የሚገቡት። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር ሕፃን የለም።

«ልጄ፣» አሉኝ አያ ይመር ቀስ ብለው፣ «አባትህ ሳይነግርህ የቀረ ነው ልበል? እንድሪስ ይህንን ለልጁ ሳይነግር አይቀርም። ሰባት አባት ያስቆጠረ ሰው ይህን አይረሳም።»

ጀማልን አየሁት። ከግድግዳው ማዶ ድንጋይ በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰውም ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ድንጋዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ወንድሜ ነው፣ ከተማ ስላደገ አላወቀም» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ወይም «እኔ ነኝ ያስዋሸሁት፣ ለአባቴ ብዬ ነው» ይላል። ዝም ቢል እንኳ ዝምታውን እወድለት ነበር።

«እኔም ተታልዬ ነው አያ» አለ። «የአባትህ ልጅ ነኝ ብሎ ነው የመጣብን። ሽማግሌው ታሞ መናገር አይችል፣ ምን ብለን እናጣራ? አምነነው ነው።»

እስኪጨርስ አላየኝም። ዓይኑን እኔ ላይ ሳያሳርፍ ነው ያን ሁሉ የተናገረው። ምን ልበል? ስሞቹን የቆጠርኩት በገዛ አፌ ነው። ውሸቱ የሁለታችን ነበር፤ ሲገለጥ ግን የእኔ ብቻ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ኮርቻ እየሰፋ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሲል ስቄበት አውቃለሁ። ያን ቀን መሬቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አወቅሁት።

ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አያ ይመር «ፍታው» አሉኝ ብቻ። ያ ሁሉ ሰው ዙሪያዬን ቆሞ እያየ ሦስቱን ነዶ አንድ በአንድ ፈታሁ። እንዲያ አጥብቄ ማሰሬ ያኔ ነው የገባኝ፤ ቋጠሮው እምቢ ይላል። ጀማል ሊያግዘኝ አልመጣም። ፈትቼ ስጨርስ ሣሩን ወለሉ ላይ በተንኩት። ስወጣ የበሩን ድንጋይ ልንካ ወይስ ልለፈው ብዬ አመነታሁና ሳልነካው አለፍኩ።

እመት ከዲጃ ተከትለውኝ መጥተው ቅሉን ዘረጉልኝ። «ጠጣ። ውሃ ዘር አይጠይቅም» አሉኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ብቻዬን በማሽላው መሐል ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ሽንኩርት የጫነ መኪና አገኘሁና ከላይ ተሳፍሬ ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ፤ ሾፌሩ ዓይኔን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም።

ጀማል በአራተኛው ቀን መጣ። ፓፓያና ጥንቅሽ ይዞልኝ። ቤቱ ተከፍቷል። አያ ይመር ለተታለለው ልጅ አዝነው የእህታቸውን ልጅ ሁለተኛ እጅ አድርገው አቁመውለታል፤ በሴት በኩል ከቤቱ ዘር ይደርሳል አሉ። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እኔን መካዱ ጠቀመው። ባይክደኝ ኖሮ ምናልባት ቤቱን ያጣ ነበር፤ እኔም ሳስበው የጋሽ እንድሪስ መቃብር እንዲጠፋ አልፈልግም።

«ምን ላድርግ ኑሬ?» አለኝ። «አባቴ ነው እኮ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ደሞ አንተ ምን ታጣለህ? እነሱ እንደሆኑ ዳግመኛ አያዩህ።»

ነዶዬን ማሰር ቀጠልኩ። ምን እንደማጣ እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅልኝ? ፓፓያውን እትዬ ዘሀራ በላችው። «ከጀማል ጋር ተጣላችሁ?» ብትለኝ «አልተጣላንም» አልኳት። እውነቴን ነው። ለመጣላት እንኳ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል።

ጋሽ እንድሪስ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ምንም አያውቅም ነበር፤ ቤቱ መከፈቱን ብቻ ነግረውት ደስ ብሎታል። ጎኑ እንዳይቆስል ብዬ በጣም ከደቀቀ የጤፍ ጭድ ፍራሽ ሠራሁለት፤ በየሳምንቱ ጭዱን እለውጥለት ነበር። ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ከጀማል ጋር እናገላብጠዋለን፤ እኔ በትከሻው፣ እሱ በእግሩ። አንድ ቀን በደህናው እጁ የእኔን እጅ ያዘና ጥቂት ቆየ። ሊናገር ፈልጎ አልቻለም። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የሞተው ሌሊት ላይ ነው። ለአሱር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ አገሩ መድረስ ስላለበት ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ። ጀናዛውን አጠብን፣ ገነዝን፤ ያጠብኩት እኔም ነበርኩ። ሁለት መኪና መጣ፣ የጭድ ተራና የኮርቻ ነጋዴው ወንድ በሙሉ ተሳፈረ። እኔም ጋቢዬን አጣፍቼ እግሬን መኪናው ላይ ሳደርግ ጀማል ክንዴን ያዘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ብትቀር ይሻላል። ሰዎቹ ያውቁሃል» አለኝ።

ወረድኩ። ማንም ልብ አላለም። መኪናዎቹ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁና ወደ ሱቁ ተመልሼ የጋሽ እንድሪስን ኮርቻዎች ስጠብቅ ዋልኩ። ከዚያ ወሬው መጣ። «ኑሩ ሳይቀብረው ቀረ አሉ። አንድ ጨርቅ አልብሶ ያሳደገውን ሰው! ጨው የበላበትን ቤት የረሳ!» ለቅሶ ቤት ስገባ ሰዎች ቦታ አይለቁልኝም ነበር። ጀማል ይሰማል። እኔን አያይም፣ መሬት መሬቱን ያያል። «እኔ ነኝ አትሂድ ብዬ ያስቀረሁት» ለማለት አምስት ቃል አይበቃም? አላለም። የመጀመሪያውን ክህደቱን ለአባቱ ብሎ ነው ብዬ ልተወው እሞክራለሁ። ይህን ሁለተኛውን ግን ለማን ብሎ ነው?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሠላሳ ዓመት አደረ፣ አልጠራም። እኔም አላጠራሁትም፤ ባወራ የጋሽ እንድሪስን ልጅ ማዋረድ፣ ከሥሩም የእሱን መቃብር ነገር መነካካት መስሎ ታየኝ። ጀማል ሀብታም ሆነ፣ ሐጅ አደረገ፣ ፎቅ ሠራ። ዓርብ ዓርብ መስጊድ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ የልጆቻችንን ደህንነት እንጠያየቃለን። የሚያየን ሰው ወዳጆች ናቸው ይላል። እኔ ግን ከእሱ ጋር እጅ ለእጅ ስጨባበጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጨብጬው አላውቅም፤ እሱ ነው የሚጨብጠኝ።

ሐሙስ ዕለት ከአሱር በኋላ ስልኬ ጠራ። ጀማል ነበር። «አየኸው ኑሬ? አገሩን በቴሌቪዥን አየኸው?» ይላል፣ ድምፁ እንደ ወጣትነታችን ጊዜ ፈክቷል። «ልጆቹ ቤቱን በእጄ እንደከፈትኩት ብነግራቸው አያምኑኝም። ከአንተ ጋር ነው የሄድነው ስላቸው ይሳሳቁብኛል። በላ መስክርልኝ፣ ድምፁን ከፍቼዋለሁ፣ ሁሉም ይሰሙሃል።»

ከዚያ የትንሿ ልጁ ድምፅ መጣ። ገና ዩኒቨርሲቲ የገባችው ናት። «አባባ ኑሩ፣ እውነቱን ነው? አብራችሁ ሄዳችሁ ነበር?»

ልክደው እችል ነበር። «የት ነው ደግሞ እሱ? ሄጄ አላውቅም» ብል ልጆቹ ፊት ውሸታም ይሆን ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን እንደዚያ ለማለት አቅም አጣሁ። «እውነቱን ነው። ሣሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከወዲያ ሳቅና ጭብጨባ ሰማሁ። ጀማል «አላልኳችሁም!» ይላል።

«አያታችንስ ሲቀበሩ? እርስዎ ነበሩ?» አለች ልጅቷ።

«አልነበርኩም።»

«ለምን?»

ምንም ክፋት የለባትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መልሱን የሚያውቀው መስሎት ነበር።

«እሱን አባትሽን ጠይቂው፣ አጠገብሽ ነው» አልኳት።

ከወዲያ ሳቁ ቆመ። «አባዬ?» ስትል ሰማኋት፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አላውቅም። ትናንት ዓርብ ነበር፤ መስጊድ አልመጣም። መልሶም አልደወለም። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ የምጠብቅበት ዕድሜ አልፏል። ምን ብሎ እንደመለሰላት ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።